ባለ አንድ ወንበር

እኔ የቶርኖ ሰው ነኝ፤ በባቡሩ ጋራዥ ሠላሳ ዓመት ብረት ያሽከረከርኩ፣
የሎኮሞቲቭ አክስል እየላጥኩ ከፀጉር የቀጠነ ልክ የቆጠርኩ።
ስለ ፍጥነት ግን አትጠይቁኝ፤ ባቡራችን ቀርፋፋ ነበረ፤
ፍየል ሐዲዱን ስትዘጋ ቆሞ እየጠበቀ የኖረ።

ረምላ የመጣችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው፣
በፌስታል አራት ኩሽኔታ ይዛ። “ጋሽ ደምሰው፣
አንዱ ይንቋቋል” አለች፣ ጆሮዋን አስጠግታ፣
እኔ ያልሰማሁትን ድምፅ በጣቷ አሳይታ።
ከፍቼ ባየው እውነት ነው፤ ከኳሶቹ አንዷ ተሰንጥቃ ኖሯል።
አንዳንድ ሰው አለ፣ ብረት ያዋየዋል።

የመጀመሪያ መኪናዋ ሳንቃ ነበረች፤ ፍሬኗ የበረባሶ ጎማ፤
ከገንደ ቆሬ ቁልቁል ስትወርድ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማ።
የሁለተኛዋ ሞተር የባጃጅ ናት፤ ከአባቷ አደጋ ተርፋ፣
በእኔ ቱቦ፣ በእኔ ብየዳ፣ ተነሥታ የምታንኮራፋ።

ደቻቱ ሲደርቅ አሸዋው ላይ በጀሪካን መስመር ይሠራል፤
ነሐሴ ጎርፉ ይመጣል፣ መስመሩን ጠርጎ ይሄዳል።
ጥቅምት ላይ እንደገና። ሦስት ዓመት እንደገና።
አሠልጣኟ ወንዙ ነበር፤ የለመደችውን አያቆይላትምና።

ሦስተኛዋን ስንጀምር ነው ነገር የመጣው።
አባቷ አብዱረህማን ንድፉን አየው፣ ገለበጠው፣ አየው።
“ወንበሩስ?” “አንድ ነው።” “ሌላውስ ሰው?”
“የለም።” “አቦ! ጎረቤት የማያሳፍር መኪና፣ ምኑን መኪና ነው?”
እውነቱን ነው። በድሬ ባጃጅ ለሦስት ተሠርታ ለሰባት ትበቃለች፤
ያቺ አሮጊት ፔጆ እንኳ ሙሽራ ከነሚዜ ጭና ደንገጎን ትወጣለች።
አንድ ሰው ለብቻው ሲሄድበት እኛ ያየነው፣
ይቅር ይበለኝና፣ ቃሬዛ ነው፤
እሱንም አራት ሰው ነው የሚይዘው።

አዲስ አበባ አሥራ አንደኛ ወጣች። ከአሥራ ሁለት።
አስፋልቱ ርሶ ነበር፤ የድሬን ልጅ ዝናብ ማን አስተምሯት?
በዓመቱ አራተኛ። የእኛ ጎማ ያምናው ጎማ፤
ቀዳሚዎቹ በየዙሩ ሲቀይሩ እኛ ባንዲት ጫማ።

አንድ ምሽት ከአወዳይ ባለ አይሱዙ መጣ፣ ቁልፉን እያሽከረከረ፤
“ልጅቷ ጫቴን ሳይነጋ ቶጎጫሌ ታድርስልኝ” ብሎ ተናገረ።
ገንዘቡን ጠራ። ‘ስምንት ጎማ’ አልኩ በልቤ፤ ወዲያው አፈርኩ።
አይሱዙው ደጅ ቆሞ ያጉረመርማል፤ እኔም ሰማሁት፣ ምንም አላወቅኩ።
“ሦስተኛው ሲሊንደርህ ይስታል፤ ሰው ሳይጎዳ አሠራው”
አለችው፤ ወደ ብሎኗ ዞረች። መልሷ ይኸው ነው።

በዚያ ወር ዕጣ አልወጣም በባጃጆቹ እቁብ፤
አሥራ ስምንት ሾፌር፣ ቀፊራ ላይ፣ ባባቷ ዙሪያ ክብብ።
“እኛን ባታሳፍርም” አሉ። ሌላ ነገር አላሉም።
ናይሮቢ ስትሄድ በመኪናዋ ጎን የኩባንያ ስም አልነበረም፤
አሥራ ስምንት የታርጋ ቁጥር ነበር፣ አንዱም ቀጥ ብሎ አልተጻፈም።

ትናንት በስልክ አየናት፤ ሃያ ሰው ባንድ ስልክ ላይ ተደፍቶ።
“ወሪያ! ሁላችንም አብረናት ተሳፍረናል!” አለ አንዱ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።
እኔ ዝም አልኩ። በልክ ነገር ዋሽቼ አላውቅም፤
ወንበሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከሠላሳ አራት ሳንቲ ሜትር አያልፍም።
ሁለተኛ ሰው አይገባበትም። ምርቃትም፣ እቁብም፣ አባትም፣
የእኔም ሠላሳ ዓመት አይገባም።

ቀዮቹ መብራቶች አንድ ባንድ በሩ። ከዚያ ጠፉ።
ኔትወርኩም አብሮ ጠፋ፤ ሰዎቹ ስልኩን እያራገፉ
“አቦ፣ አሁን?” ይላሉ።
እሷ ግን እዚያ፣ ለብቻዋ፣
ራስ ቁሯ ውስጥ ጆሮዋን አቁማ
እየሰማች ትሆናለች፣
ከኳሶቹ የትኛዋ እንደተሰነጠቀች።